የካታ ንባብና አንድምታ

ጀማሪ የካራቴ ሠልጣኝ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚማረው ካታ፣ ማለትም በቅደም ተከተል የተወሰነ የእንቅስቃሴ ልምምድ፣ ሄያን ሾዳን ይባላል። በአራተኛው እንቅስቃሴ ላይ ሠልጣኙ ወደ ታች የመከተበትን እጅ በድንገት ወደ ራሱ ይስባል፤ የፊት እግሩንም ይሰበስባል፤ ከዚያ ክንዱን በላይ አዙሮ የተጨበጠ እጁን እንደ መዶሻ ያወርደዋል። ይህ ለምን እንደሚደረግ የጠየቀ ሰው ከወግ አጥባቂ አሠልጣኞች ሳይቀር የሚያገኘው መልስ ተመሳሳይ ነው፦ አጥቂው የእጅህን አንጓ ይዞታል፤ መንጭቀህ አስለቅቅና ምታው። መልሱ ትክክል ይመስለኛል፤ ግን ሌላ ጥያቄ ይወልዳል። ከዚህ በፊት ያሉት ሦስቱ እንቅስቃሴዎች በተለምዶ የሚብራሩት ከሩቅ የመጣን ርግጫ መመከቻና መልሶ መምቻ ተደርገው ነው። ታዲያ አጥቂው አንዴ ርቆ የሚራገጥ፣ አንዴ ደግሞ እጅ ለእጅ የተያያዘ የሚሆነው እንዴት ነው? እኔ እንደማየው አራተኛው እንቅስቃሴ ከመረሳት ያመለጠ ምስክር ነው። ካታው የተሠራው ለትንቅንቅ ርቀት ነው፤ የተለወጠው ማብራሪያው ነው።

የተለወጠበትን ዘመን ለመጠቆም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሪዩኪዩ መንግሥት ፈርሶ የካራቴ መገኛ የሆነችው ኦኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1879 የጃፓን አውራጃ ከሆነች በኋላ፣ ኢቶሱ አንኮ የተባለው መምህር በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ካራቴን ወደ ትምህርት ቤት አስገባ። ፒናን የሚባሉትን አምስት ካታዎች ያዘጋጀውም እሱ ነው፤ ሌላው የካራቴ መምህር ፉናኮሺ ጊቺን ኋላ ሄያን ብሎ የሰየመው እነዚህኑ ነው። ቀድሞ ለጥቂት ደቀ መዛሙርት በቅርበት ይሰጥ የነበረው ጥበብ በሰልፍ ለቆሙ ልጆች በትእዛዝ የሚሰጥ የሰውነት ማጎልመሻ ሆነ። ለሕፃን ማነቅንና ክርን መስበርን ማስተማር ደግሞ አይገባም፤ ስለዚህ እንቅስቃሴው ቀረ፣ ፍቺው ተሸፈነ። ኢቶሱን በዚህ አልወቅሰውም። እ.ኤ.አ. በ1908 በጻፈው ባለ አሥር ነጥብ ደብዳቤ ካራቴ ከአንድ ተጋጣሚ ጋር ለሚደረግ ፍልሚያ የታሰበ እንዳልሆነ፣ ይልቁንም ወንበዴ ሲያጋጥም ራስን ከጉዳት ለማዳን እንደሆነ አስረድቷል። የእያንዳንዱን ስልት ፍቺ መማር እንደሚገባና ብዙው በቃል የሚተላለፍ መሆኑንም አልሸሸገም።

በቃል መተላለፉ ለእኛ አንባቢዎች ባዕድ ነገር አይደለም። የአብነት ተማሪ ንባቡን ከዘለቀ በኋላ ትርጓሜ ቤት ገብቶ መምህሩ «አንድም» እያለ የሚያወርደውን ይቀበላል፤ ንባቡን ብቻ የያዘ ሰው ሊቅ አይባልም። ካታም ንባብ ነው፤ ቡንካይ የሚባለው ደግሞ ትርጓሜው ነው። ቃሉ ራሱ በጃፓንኛ በታትኖ መመርመር እንደ ማለት ነው። ንጽጽሩ ግን አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፦ የአንድምታ መምህር ፍቺውን ከማን እንደተቀበለ መናገር ይችላል፤ የካታ ፍቺ ሰንሰለት ግን በብዙ ቦታ ተበጥሷል። ስለዚህ ዛሬ «የጥንቱ ትርጉም ይህ ነው» ብሎ የሚምል አሠልጣኝ አብዛኛውን ጊዜ የራሱን ግምት በአባቶች ስም እያስተማረ ነው። ከምንጩ ይልቅ ውጤቱን መፈተሽ ይሻላል፦ ይህ ፍቺ በሚታገል ሰው ላይ ይሠራል?

ለዚህ ፈተና ከሁሉ የሚመቸው ሂኪቴ፣ ማለትም ወደ ወገብ የሚሳበው እጅ ነው። አንዱ እጅ ሲመታ ሌላው የሚሳበው ለቡጢው ኃይል ለመጨመር ነው ተብሎ ሲነገር እንሰማለን። ቦክሰኞች ግን ያለ ሂኪቴ ከባድ ቡጢ ይመታሉ፤ የተሳበው እጅም ፊትን ያለ ጠባቂ ይተዋል። እጁ ባዶ ካልሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። የአጥቂውን ክንድ ወይም እጅጌ ጨብጦ የሚስብ እጅ ሚዛኑን ያስተዋል፤ ሁለተኛ እንዳይሰነዝር ያውከዋል፤ ዓይን ባያይም እንኳ ጭንቅላቱ ያለበትን ይጠቁማል። ፉናኮሺም በመጀመሪያዎቹ መጻሕፍቱ ሂኪቴን የተጋጣሚን እጅ ይዞ መሳብ አድርጎ አብራርቶታል። ማብራሪያው በእጃችን እያለ መዘንጋቱ ያሳዝነኛል።

ናይሃንቺ ደግሞ ወደ ጎንና ወደ ጎን ብቻ የሚሄድ ካታ ነው። ጀርባን ለግድግዳ ሰጥቶ ለመዋጋት ነው የሚል ማብራሪያ ተለምዷል፤ ሰው ግን እየተደበደበ እንደ ሸርጣን በግድግዳ ጥግ አይራመድም። የካራቴ መምህሩ ማቡኒ ኬንዋ የካታ አቅጣጫዎች ከየማዕዘኑ የሚመጡ አጥቂዎችን ሳይሆን፣ ከአንድ አጥቂ አንጻር የምንቆምበትን ማዕዘን እንደሚያመለክቱ ጽፏል። በዚህ ዓይን ስናየው ናይሃንቺ ይፈታል። በክርን የገዛ መዳፍን የሚመታው እንቅስቃሴ ትርጉም የሚኖረው መዳፉ የአጥቂውን ማጅራት ይዞ ሲገኝ ነው፤ መዳፉና ክርኑ የሚገናኙበት ቦታ የሌላው ሰው ራስ ያለበት ነው። በእውነተኛ ጠብ ስሙ የገነነው ሞቶቡ ቾኪ ናይሃንቺን የሥልጠናው መሠረት ያደረገው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ1926 ባሳተመው መጽሐፍ ፎቶግራፎች ላይ ተጋጣሚውን በቅርበት እየያዘና እየተጫነ ሲመታ ይታያል።

እ.ኤ.አ. በ1922 ካራቴ ቶኪዮ ከደረሰ በኋላ በዩኒቨርሲቲ ክለቦች፣ ቀጥሎም በውድድር መድረክ ላይ አደገ። ውድድር የራሱን ርቀት ይዞ መጣ፦ ሁለት የሠለጠኑ ሰዎች ተራርቀው ይቆማሉ፣ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ካታ ከዚህ ርቀት ጋር ስላልተስማማ ለውበቱ የሚዳኝ ሌላ ዘርፍ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ የኦኪናዋው ተወላጅ ኪዩና ሪዮ በካታ ወርቅ ሲያገኝ ያሳየው ጥራት የሚደነቅ ነው። በቡድን ውድድር ለሜዳሊያ በሚደረገው ዙር የሚቀርበው ቡንካይ ግን ያሳስበኛል። አጥቂ የተባለው ጓደኛ መቼና እንዴት እንደሚወድቅ አስቀድሞ ያውቃል፤ ተመልካቹ ካታው ተተረጎመ ብሎ ይወጣል።

ወደ ጥንቱ ዓላማ እንመለስ የሚሉት ዘመናውያንም ከስህተት አልዳኑም። የካራቴ ተመራማሪው ፓትሪክ ማካርቲ ተራ ሰው ላይ በተደጋጋሚ የሚደርሱ የጥቃት ዓይነቶችን ከካታ በፊት እናጥና ማለቱ ትልቅ እርማት ነበር፤ መድኃኒት ከመምረጥ በፊት በሽታውን መለየት ነውና። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን የጣት አኳኋን የምስጢር ነጥብ መምቻ የሚያደርግ ትርጓሜ በዝቷል። ልቡ የሚመታና እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ጥቃቅን ዒላማ አያገኝም። በፍርሃት ውስጥ የሚቀረው ሰፊው እንቅስቃሴ ነው፤ መያዝ፣ መሳብ፣ መግፋት፣ በክርን መምታት፣ ከዚያ መሮጥ።

ሄያን ሾዳንን እንዲህ አድርጋችሁ ሞክሩት። ጓደኛችሁ ኮሌታችሁን ጨምድዶ ይግፋችሁ፤ ሆን ብሎም አይልቀቅ። ወደ ታች የሚመክተው ክንድ የያዛችሁን እጅ እየጫነ ሲወርድ፣ ሌላው እጅ እየሳበ ወደ ወገብ ይሂድ። አንዳንዴ ይሠራል። አንዳንዴ ግን ጓደኛችሁ የወረደውን ክንዳችሁን በነጻ እጁ አንጓው ላይ ይይዘዋል። ያኔ የምታደርጉት የፊት እግራችሁን ሰብስባችሁ፣ እጃችሁን ወደ ራሳችሁ መንጭቃችሁ፣ ክንዳችሁን በላይ አዙራችሁ ማውረድ ነው። አራተኛው እንቅስቃሴ የተቀመጠው ሦስተኛው ለሚከሽፍበት ጊዜ ነው።