ጅግጅጋ ድረስ ይቻላል፣ ሐርጌሳ ድረስ አይቻልም

ከአዲስ አበባ ተነስቶ ጅግጅጋ፣ ገራድ ዊልዋል አየር ማረፊያ የሚያርፍ አብራሪ ከአገሩ አልወጣም። የድንበሯን ከተማ ቶጎ ውጫሌን አልፎ ሐርጌሳ ካረፈ ግን በረራው ዓለም አቀፍ ሆነ። በነዳጅ ሲሰላ ልዩነቱ ጥቂት ነው፤ 65 ለሞላው ሰው ግን ሁሉም ነገር እዚያ ላይ ነው።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (አይካኦ) የዕድሜ ገደብ ያወጣው ድንበር ለሚሻገር የንግድ በረራ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ሁለት አብራሪ ላለው አውሮፕላን ከ60 ወደ 65 አሳደገው፤ ብቻውን ለሚያበርር ግን 60 እንደሆነ ቀረ። የአገር ውስጡን እያንዳንዱ መንግሥት በራሱ ሕግ ይወስናል። ጃፓን እስከ 67 ትፈቅዳለች፤ አውስትራሊያ ጭራሽ ገደብ የላትም።

ወጣት አብራሪ ባልደረቦቼ የዓረብ አገር ደመወዝ ሲያሰሉ 65 ድረስ ጊዜ ያላቸው ይመስላቸዋል። ቀጣሪ የሚቆጥረው ግን እስከዚያ የሚቀረውን ዓመት ነው። ሰውን በአዲስ ዓይነት አውሮፕላን ማሠልጠን ወራትና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ 61 ዓመት የሆነው ወጪውን ሳይመልስ ይሰናበታል። ስለዚህ ቅድሚያው ያንኑ አውሮፕላን ሲያበርር ለኖረ ነው። በዳሽ 8 ጅግጅጋ ለሚመላለስ ካፒቴን ክፉው ነገር ይኸው ነው፤ ሰዓቱ ቢከመርም የፕሮፔለር ሰዓት ነው፣ ትልልቆቹ አየር መንገዶች የሚፈልጉት ደግሞ የጄት።

የፕሮፔለር ሰዓት እንዲህ መናቁ ያበሳጨኛል፤ ጅግጅጋ ማረፍ ቀላል አይደለምና። ጅግጅጋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍ ትላለች። ከሰዓት በኋላ ሜዳው ሲግል አየሩ ይሳሳል፤ ሞተሩም ክንፉም ይደክማሉ። ለማረፍ ጥቂት ሜትር ሲቀር ሙቀቱ አውሮፕላኑን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ወዲያው ደግሞ ይለቀዋል። ያኔ እጅ የሚቸኩለው አፍንጫውን ለማንሳት ነው። የረጅሙ ዳሽ 8 ጅራት ግን አስፋልት ለመንካት ቅርብ ነው፤ አወራረዱን የሚያለዝበው በስሱ የሚጨመር የሞተር ጉልበት ነው። ይህ ሙያ በማመልከቻ ቅጽ ላይ ቦታ የለውም።

በ2025 እ.ኤ.አ. የአየር መንገዶች ማኅበር አያታ ገደቡ 67 ይሁን ብሎ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ቢጸድቅ ኖሮ እንኳ የሚጠቀመው በጄት ላይ የተቀመጠው ነበር። ከ60 በኋላ በየስድስት ወሩ ሐኪም ፊት መቅረብም አለ (የደም ግፊቴ የሚጨምረው እዚያው ወረፋ ላይ ነው)።

አንድ በር ግን የአይካኦ ገደብ አይነካውም፤ ሲሙሌተር ውስጥ ማስተማር። ስለዚህ ወደ ጄት መሸጋገር ለሚችል ወጣት ሳይዘገይ እንዲጠይቅ እነግረዋለሁ፤ እኔ ደግሞ የአሠልጣኝነት ፈቃድ ለማውጣት አመልክቻለሁ።