«በምን አወቅህ?»

«ገና አልደረሰም» ብሎ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎችን ድምፅ እያሰሙ እንዲያነቡ ማድረግ ለመምህሩ ብዙ ነገር ይነግረዋል። «ና»ን አላልቶ ያነበበው ልጅ የሚመጣ ሰው ይጠብቃል፤ አጥብቃ ያነበበችው በዓሉን ትናፍቃለች። ሁለቱም ልክ ናቸው። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው ስለማይለይ፣ አማርኛ አንባቢ እንዲህ ያለውን ቃል በትክክል ለመጥራት እንኳ አስቀድሞ ፍቺውን መምረጥ አለበት። ከሥሩ «በጉ ግን ተገዝቷል» የሚል ቢጨመር ነገሩ ወደ በዓሉ ያዘነብላል፤ «አውቶቡሱ ተበላሽቶ ይሆናል» ቢባል ወደ መንገደኛው። («ገና ታኅሣሥ 29 ነው» የሚለው ደግሞ የባሰ ነው፤ በዓሉ መቼ እንደሚውል ይናገር፣ ወይስ ቀኑ ብዙ አለመግፋቱን፣ ለብቻው ቆሞ አይታወቅም።) በንግግር ጆሮ የሚገላግላቸውን ምርጫ ልጆች በንባብ ጊዜ ራሳቸው ማድረግ ግድ ይሆንባቸዋል። ስለዚህ ብዙ ፍቺ ያላቸውን ቃላት ማስተማር በእኔ እምነት ፍቺ ማደል አይደለም፤ ልጁ ያን ፍቺ የመረጠበትን ማስረጃ ከጽሑፉ ላይ በጣቱ እንዲያሳይ ማድረግ ነው።

የተለመደው አካሄድ ቃሉን ከነፍቺዎቹ ደብተር ላይ ማስጻፍ፣ ከዚያ «ሀ» ረድፍን ከ«ለ» ረድፍ ማዛመድ ነው። ልጁ ዝርዝሩን ይሸመድዳል፤ ምንባብ ውስጥ ሲገባ ግን ከዝርዝሩ የትኛውን እንደሚያነሳ የሚነግረው የለም። «ሳለ»ን እንውሰድ። ሰው ሥዕል ይስላል፣ ጉንፋን ይዞት ይስላል፣ ማጭዱንም ይስላል። ሦስቱም አንድ ዓይነት ስለሚነበቡ እዚህ ላይ የመምህሩ ጆሮ አይረዳም፤ መጠየቅ ብቻ ነው። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያደርግ ልጁ «ሳለ» ላይ ሲደርስ ፍንጮቹን ሁሉ አልፏቸው መጥቷል፤ ዓይኑ ወደ ኋላ መመለስን መልመድ አለበት። «ገበሬው ማጭዱን ሳለ» ሲል በ«ማጭዱን» መጨረሻ ያለችው «ን» ብቻዋን ሳልን ከጨዋታው ታስወጣለች፤ የሚያስል ሰው ምንን ይስላል? «ልጁ ቢላዋ ሳለ» ግን አይለይም። «በሞረድ» ወይም «በእርሳስ» የሚል ቃል ሲገባ ነው ቢላዋው ከወረቀት ላይ የሚወርደው ወይም የሚወጣው። የመምህሩ ጥበብ ያለው እንዲህ ያሉትን ዓረፍተ ነገሮች በማዘጋጀት ላይ ነው። «አባቴ ሳለ» ብሎ ትክክለኛውን ፍቺ ምረጡ ማለት ልጅን ማስገመት እንጂ ማስተማር አይደለም፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ደግሞ በየመልመጃው ሞልቷል።

ብዙ ፍቺ ያላቸው ቃላት ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ይህን መለየት ከመምህሩ ይጠበቃል። ትኬት መቁረጥ፣ ተስፋ መቁረጥ፣ ሥጋ መቁረጥ የሚጋሩት ነገር ስላለ «ምኑ ነው የተቆረጠው?» ብሎ መጠየቅ ልጆቹን ያነጋግራቸዋል። ለ«ሳለ» ግን የጋራ ሥር ማስፈለግ ጊዜ ማጥፋት ነው፤ ሥዕል፣ ሳልና ስለት ብሎ ስሞቹን ለይቶ ማለፍ ይሻላል። «መልስ» የታክሲውም፣ የፈተናውም፣ የሠርጉም ነው፤ እሱን ልጆች ራሳቸው ይጨርሱታል።

ይህ ዘዴ ልጆችን ግምት ያለማምዳል የሚሉ አሉ። ፊደሉን ሳይለይ በሥዕሉ ተመርቶ ቃሉን ለሚናገር ልጅ ሥጋታቸው ትክክል ነው። እዚህ ግን ፊደሉ በሙሉ ተነብቧል፤ የቀረው ፍቺ መምረጥ ነው፤ ግምትና ምርጫ የሚለያዩትም ማስረጃ ሲጠየቅ ነው። ሌሎች ደግሞ ምልክት ይበጅለት ይላሉ። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በሚጠብቁት ፊደላት ላይ ነጥብ አድርገዋል፤ ልማዱ ግን አልተስፋፋም፤ ልጁ ነገ የሚያነበው ጋዜጣም ሆነ የመንገድ ላይ ማስታወቂያ ነጥብ የለውም። ቢኖረውም «ገና»ን ይፈታ ይሆናል እንጂ «ሳለ»ን አይነካም። በሰምና ወርቅ ባደገ ቋንቋ አንድ ፍቺ ብቻ ማስመረጥ ማደህየት ነው የሚል ክርክርም ሰምቻለሁ። ሁለቱን ፍቺ መለየት ያልቻለ ግን ኅብረ ቃሉ ሲያልፍ ከቶ አይሰማውም።

ከሁሉ የሚከብደው አፉን በሌላ ቋንቋ ለፈታ ልጅ የሚነሳው ጥያቄ ነው፤ በሌላ ክልልም ይሁን በዋሽንግተን ቅዳሜ ብቻ አማርኛ ለሚማር። የማያውቀውን ፍቺ ከዐውድ ሊመርጠው አይችልም፤ ይህ እውነት ነው፤ «በምን አወቅህ?»ም ለእሱ ባዶ ጥያቄ ይሆናል። ለእንዲህ ያለው ልጅ ሁለተኛው ፍቺ ከንባቡ በፊት በቃል፣ በድርጊት መግባት አለበት፦ ሞረዱና ቢላዋው ጠረጴዛ ላይ ቀርበው፣ መምህሩ እየሳለ፣ ልጁ እየሣለ። በአንድ ክፍለ ጊዜ ከሁለት ፍቺ በላይ ባይጨመር ይመረጣል። ከዚያ በኋላ ማስረጃውን መጠየቅ ይቻላል፤ ሲጠየቅም ውጤት ሊያዝለት ይገባል። ፈተናው ፊደል አክብቡ ብቻ ካለ ልጆች ምክንያት መፈለጉን ትተው ማክበቡን ይለምዳሉ። ለፍቺው አንድ፣ ላሰመረበት ፍንጭ ደግሞ ሌላ አንድ ነጥብ መስጠት በትልቅ ክፍል እርማቱን ያረዝማል፤ ቢሆንም አምስት ጥያቄ እንዲህ ታርሞ አሥሩን ከማስከበብ ይበልጣል።