የወረንጦው ሥራና የችግኙ ምስክርነት

በኢሉባቦር ከመቱ እስከ ኡካ ባለው አገር ዝናብ ከጣለ ሳምንት አለፍ ሲል የቡናው እንቡጥ ነጭ ሻማ ይመስላል። ሊፈነዳ አንድ ቀን ሲቀረው አዳቃዩ ወረንጦውን ያነሳል። አምስቱ ወንዴዎች የተጣበቁት ከአበባው ቱቦ ጋር ስለሆነ ቱቦውን ከሥሩ በዘዴ ለቀቅ አድርጎ ከሳበው ሁሉም ተከትለውት ይወጣሉ። ጫፏ ሁለት የሆነች ቀጭን የሴቴ ዘንግ ብቻዋን ትቀራለች። እጁ ከጠነከረ ዘንጓ ትሰበራለች፤ ከዘገየም አበባው በራሱ ብናኝ ያፈራል፤ የአረቢካ ቡና አብዛኛውን ጊዜ፣ ከመቶ ዘጠና ያህሉን፣ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ተክል ነውና። ቅርንጫፉ ከረጢት ይለብሳል፤ ከዚያ የተመረጠው አባት ብናኝ ይቀባና የእናትና የአባት ስም የተጻፈበት መለያ ይንጠለጠልበታል።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ጣት ሲስት ችግኙ ራሱ እንዲናገር የሚደረግበት ብልሃት ነው። የቡና ለጋ ቅጠል አንዳንዱ ነሐስማ፣ አንዳንዱ አረንጓዴ ነው። እናቲቱ ንጹሕ አረንጓዴ፣ አባትየው ንጹሕ ነሐስማ ከሆኑ እውነተኛ ልጆቻቸው ሁሉ ፈዘዝ ያለ ነሐስ ጫፍ ይዘው ይበቅላሉ። መደቡ ላይ አንዲት አረንጓዴ ከታየች አባቷ መለያው ላይ የተጻፈው አይደለም፤ ወረንጦው ያልደረሰበት ወንዴ ነበረ ማለት ነው። ያቺ ችግኝ ትነቀላለች።

ዲቃላው ራሱን ሲያዳቅል ደግሞ ቀለሙ ይበተናል፦ ከአራት አንዱ ደማቅ ነሐስ፣ ሁለቱ ፈዛዛ፣ አንዱ አረንጓዴ። ይህ ግን አራት ዘርቶ አንድ አረንጓዴ መረከብ አይደለም። ከአራት ችግኞች አንዱም አረንጓዴ ሳይሆን የመቅረቱ ዕድል ከመቶ 32 ያህል ነው። ከመቶ 95 ለመተማመን 11 ችግኝ ያስፈልጋል። ከአረንጓዴው ጋር፣ ከሁለቱም ወላጅ ካልመጣ የማይገለጥ ሌላ ባሕርይም ከተፈለገና ጂኖቹ ለየብቻ የሚወረሱ ከሆነ፣ ዕድሉ ከ16 አንድ ይሆናል፤ ችግኙም ወደ 47 ይወጣል። ደግሞ በአንድ እሸት ውስጥ ደረት ለደረት ገጥመው የተኙት ሁለት ፍሬዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ብናኝ ልጆች ናቸው። ወንድማማች ናቸው እንጂ መንታ መልክ አይደሉም።

አገሪቱ ይህን ጥበብ የፈለገችው በችግር ጊዜ ነው። የቡና ፍሬን የሚያጠቁረው ሲቢዲ የተባለው በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 ኢትዮጵያ ገባ። በ1974 በሽታውን የሚቋቋሙ እናት ዛፎች ሲፈለጉ 74110 እና 74112 ከመቱ አካባቢ፣ ከቢሻሪ ተገኙ፤ ቁጥሩ የሚጀምርበት 74 ያንኑ ዓመት ያመለክታል። እነዚህ ከጫካ የተመረጡ ናቸው፤ ራሳቸውን ስለሚያዳቅሉ ልጃቸው እናቱን ይመስላል፤ ገበሬውም ዘራቸውን ማስቀመጥ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1998 ከጅማው የመልኮ ምርምር ማዕከል የወጣው አባቡና ግን 741 የተባለው ዝርያ ደሱ ከተባለው ጋር ተዳቅሎ የተገኘ ዲቃላ ነው። ምርታማነቱ ከመጀመሪያው ትውልድ ጋር ይቆማል፤ ከራሱ ፍሬ ቢዘራ ወላጆቹ የሰጡት ሁሉ እንደ ቅጠሉ ቀለም ይበታተናል። ስለዚህ አባቡናን በዘር የሚያባዛ ሰው ዝናቡ በመጣ ቁጥር፣ እንቡጡ ሳይፈነዳ፣ ወረንጦውን ይዞ ወደዚያችው እናት ዛፍ ይመለሳል።