የተጣለው ትዕይንት ሲመሰክር፦ «ኖትፊልም» እና የሳሙኤል ቤኬት «ፊልም»

ሳሙኤል ቤኬት ለሲኒማ የጻፈው አንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ርዕሱም «ፊልም» ይባላል። በ1964 እ.ኤ.አ. በጋ በኒው ዮርክ የተቀረጸው ይህ አጭር የሙከራ ፊልም ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። በስተር ኪተን የሚጫወተው ሰው ከሚያየው ዓይን ሁሉ ይሸሻል፤ ክፍል ገብቶ መስኮቱን ይጋርዳል፣ መስታወቱን ይሸፍናል፣ ድመትና ውሻ ያስወጣል፣ የገዛ ፎቶግራፎቹን ይቀዳድዳል። ካሜራው ግን ከጀርባው አይለይም። በመጨረሻ ዞር ሲል አሳዳጁ ራሱ ሆኖ ይገኛል። ሮስ ሊፕማን በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ኖትፊልም» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም የዚህን ሥራ አሠራር ለመተረክ ከሁለት ሰዓት በላይ ወስዷል።

ሊፕማን የቆዩ ፊልሞችን በማደስ ሥራ የሚታወቅ ባለሙያ ነው፤ የዘጋቢ ፊልሙም ብርታት ከዚያ ይመነጫል። በ«ፊልም» ፕሮዲውሰር በባርኒ ሮሴት ቤት፣ ከማድ ቤቱ የዕቃ ማጠቢያ ሥር፣ ጠፍተዋል ሲባሉ የኖሩ ቁርጥራጮችን አገኘ። ከእነዚህ መካከል የተጣለው የመክፈቻ ትዕይንት ይገኛል። በቤኬት ጽሑፍ መሠረት ፊልሙ መጀመር የነበረበት ሰዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው በሚተላለፉበት ጎዳና ነበር። አዘጋጁ አለን ሽናይደር የቴአትር ሰው እንጂ ፊልም ሠርቶ አያውቅም፤ ካሜራው ወደ ጎን ሲዞር ምስሉ ተንቀጠቀጠ፣ ዳግም ለመቅረጽም ገንዘብ አልነበረም። ትዕይንቱ ይቅር ያለው ራሱ ቤኬት ነው።

ይህ ለሂስ ከባድ ጉዳይ ነው። ዛሬ የምናየው «ፊልም» የተሸበሸበ የዓይን ቆብ ከፍቶ ይጀምርና አንድን ብቸኛ ሰው በግድግዳ ጥግ ያስሮጣል። ይህን ባዶነት ሙሉ በሙሉ የደራሲው ፍልስፍና ውጤት አድርጎ መተንተን ከእንግዲህ አያስኬድም። ብቸኝነቱ የጎላው ሕዝቡ በቴክኒክ ጉድለት ስለተወገደ ጭምር ነው። ቤኬት መሰናክሉን ተቀብሎ ሥራውን ይበልጥ ማጥበቁ፣ በእኔ ግምት፣ ከመጀመሪያው ዕቅድ የሚልቅ ጥበብ ነው።

የካሜራ ባለሙያው ቦሪስ ካውፍማን የፊልም ሠሪው የዚጋ ቬርቶቭ ወንድም መሆኑን ሊፕማን በተገቢው ትኩረት ያነሳል፤ አንደኛው ወንድም የካሜራን ዓይን ነጻ አውጪ አድርጎ ሰበከ፣ ሌላኛው ያንኑ ዓይን አሳዳጅ አድርጎ ቀረጸ። ለቤኬት ሥራ መነሻ ስለሆነው የጆርጅ በርክሊ ፍልስፍናና ስለ ሲኒማ ታሪክ የሚተርክባቸው ክፍሎች ግን ረዝመዋል፤ ምስሉ የተናገረውን ድምፁ ይደግመዋል።

የቤኬት ድምፅ ጉዳይም አለ። ድምፁ እንዲቀዳ የማይወድ ሰው ነበር፤ «ኖትፊልም» ግን ከቀረጻው በፊት ስለ ሥራው ሲወያይ የተቀዳውን ያሰማናል። ንግግሩ ለጥናት ውድ ነው። ቢሆንም ከመታየት ስለሚሸሽ ሰው የተጻፈ ሥራ ይዞ፣ ደራሲው የሸሸውን ማሰማት ማብራሪያ ይሻ ነበር፤ ሊፕማን በዚህ ላይ በቂ ጊዜ አልሰጠም።

አንባቢ ሁለቱን ሥራዎች የሚያገኝ ከሆነ መጀመሪያ «ፊልም»ን ብቻውን ይይ፤ «ኖትፊልም» ይከተል። የቤኬት አጥኚዎች ደግሞ የተጣለውን ትዕይንት ሳያገናዝቡ ስለ መክፈቻው ባይጽፉ ይመረጣል።