ስለ ጆሮ ማዳመጫ ምርጫ፤ የመሣሪያ ብልሃትና የሰሚ ደስታ

የሰው እጅ የሠራው ዕቃ ሁሉ በሁለት ጥያቄ ይመረመራል። መጀመሪያው፣ ሥራው ምን ያህል የተራቀቀ ነው? የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው፣ የተሠራበትን ጉዳይ ይፈጽማልን? የሚለው ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ዘወትር አንድ መልስ ቢያገኙ ኖሮ የዕቃ ምርጫ ክርክር ባላስነሣ ነበር። ዳሩ ግን ብዙ ጊዜ መልሳቸው ይለያያል፤ መለያየቱም ዜማ ለመስማት በጆሮ ላይ በሚደረገው ማዳመጫ ምርጫ ጎልቶ ይታያል።

በዚህ ነገር ሰሚዎች በሁለት ወገን ተከፍለዋል። አንደኛው ወገን፣ ማዳመጫ ማለት የዘፋኙን ትንፋሽ፣ የጣቱን መፋተግ፣ የአዳራሹን ስፋት፣ በቅጂው ውስጥ ያለውን ሁሉ ሳያስቀር የሚያሳይ መነጽር ነው ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ የሰሚውን ልብ የማያነሣሣ መሣሪያ ምንም ቢራቀቅ ምን ይጠቅማል? ይላል። የፊተኛው የኋለኛውን ጆሮው ያልተማረ ይለዋል፤ የኋለኛውም የፊተኛውን ዕቃውን እንጂ ዜማውን የማይሰማ ይለዋል። ነገሩ የሥራ ፈት ክርክር ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ደመወዙን ቆጥቦ አንድ ማዳመጫ ብቻ የሚገዛ ሰው ለብዙ ዓመት በምን ጆሮ እንደሚሰማ የሚወስነው በዚህ ፍርድ ነው።

የክርክሩ ሥር ከመሣሪያው ልደት ጋራ የተያያዘ ነው። ናትናኤል ባልድዊን የተባለ የዩታ አገር ሰው በ1910 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) ማዳመጫውን ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ባቀረበ ጊዜ፣ የተፈለገው በሬዲዮ የሚመጣውን ደካማ ምልክት ለይቶ መስማት ነበረ፤ ደስ ማሰኘቱ የሚጠየቅ ነገር አልነበረም። ጆን ኮስ የተባለው አሜሪካዊ ግን በ1958 ዓ.ም. ለቀኝና ለግራ ጆሮ ልዩ ልዩ ድምፅ የሚያሰማ ማዳመጫ ሲያወጣ ዓላማው ሙዚቃ ሆነ። በ1979 ዓ.ም. የጃፓኑ ሶኒ ዎክማን የተባለውን የካሴት ማጫወቻ ከቀላል ማዳመጫ ጋራ አወጣ፤ ዜማም ከሰሚው ጋራ በመንገድ ትሄድ ጀመር። እንግዲህ መሣሪያው አንዱ ወታደር፣ አንዱ ዜማ ወዳድ የሆኑ ሁለት አባቶች አሉት ማለት ይቻላል፤ የሁለቱም ጠባይ በልጁ ላይ እስከ ዛሬ ይታያል።

ብልሃት የሚባለው ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ መለየት ይገባል። መሣሪያው ከወፍራሙ ድምፅ እስከ ቀጭኑ ምን ያህል ይደርሳል፤ የተሰጠውን ድምፅ ምን ያህል ሳያዛባ ይመልሳል፤ አብረው የሚሰሙትን ድምፆች አንዱን ከሌላው ምን ያህል ይለያል፤ እያንዳንዱንስ በየስፍራው አቁሞ ያሰማልን? ብልሃት የሚባለው ይህ ነው። ደስታ የሚባለው ደግሞ የድምፁ ቃና ለጆሮ የተስማማ መሆኑ፣ የሰው ድምፅ የሰው ድምፅ መምሰሉ፣ ከብዙ ሰዓት በኋላም ጆሮ አለመሰልቸቱ ነው። ከዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት፣ ብልሃት በመለኪያ የሚታወቅ፣ ደስታ ግን እንደየሰዉ ጠባይ የሚለዋወጥ ነው ብለው በማሰባቸው ነው። ምርመራው የሚያሳየው ከዚህ የተለየ ነገር ነው።

የሰው የጆሮ ቀዳዳ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ያለው፣ በአንድ ወገን የተደፈነ ዋሽንት ነው ቢባል ስሕተት የለበትም። ስለዚህም በሴኮንድ ሦስት ሺህ ጊዜ ያህል የሚንቀጠቀጠውን ድምፅ በራሱ ያጎላዋል። ሰው ከልደቱ ጀምሮ ዓለምን በዚህ መንገድ ስለ ሰማ፣ ይህ መጉላት ለእርሱ የድምፅ ተፈጥሮ ነው። ማዳመጫ ግን በጆሮ ላይ ተለጥፎ የውጭውን ጆሮ ሥራ በከፊል ያስቀራል፣ በከፊልም ይለውጣል። ከዚህ የተነሣ በመለኪያ ወረቀት ላይ ቀጥ ያለ መስመር የሚያሳይ ማዳመጫ በጆሮ ሲሰማ የደነዘዘና ሕይወት የሌለው ይመስላል። ሠሪዎችም ለብዙ ዘመን የተከራከሩት፣ ቀጥተኛ ማለት ምን ማለት ነው? በሚለው ነው።

በሐርማን ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ሾን ኦሊቭና ባልደረቦቻቸው ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ይህን ጥያቄ በሰሚዎች ፈተና መረመሩት። የማዳመጫው ስም፣ ዋጋና መልክ ፍርድን እንዳያጣምም ብለው፣ አንዱ ማዳመጫ የሌሎችን ድምፅ እየመሰለ እንዲያሰማ አደረጉ፤ ሰሚውም በእጁ ዳስሶ እንኳ ለመለየት አልቻለም። ከፈተናው የተገኘው መልስ ግልጽ ነበረ። የሚበዙት ሰሚዎች የወደዱት፣ በመልካም ክፍል ውስጥ የቆመ መልካም ድምፅ ማጉያ የሚያሰማውን የሚመስለውን፣ ወፍራሙም ድምፅ በመጠኑ የተጨመረበትን ነው። የቀሩት የተለያዩት ወፍራሙ ድምፅ ጥቂት ይብዛ፣ ጥቂት ይነስ በማለት ነው። እንግዲህ ደስታ ልጓም የሌለው ፈረስ አይደለም፤ ሥርዓት አለው፤ ሥርዓቱም ይለካል። በ2017 ዓ.ም. የታተመው የየሩን ብሬባርት ጥናትም 283 ማዳመጫዎችን መርምሮ፣ በዋጋቸውና በድምፃቸው ሚዛን መካከል ግንኙነት አላገኘም። ውድ የሆነ ሁሉ የተመዘነ ነው ለሚለው ገዢ ይህ ታላቅ ትምህርት ነው።

የሠሪዎች የመግለጫ ወረቀትም በዚሁ ዓይን መታየት አለበት። መሣሪያው በሴኮንድ እስከ አርባ ሺህ፣ እስከ አምሳ ሺህ ጊዜ የሚንቀጠቀጠውን ድምፅ ያሰማል ተብሎ ይጻፋል። የጤነኛ ወጣት ጆሮ ግን ከሃያ ሺህ አያልፍም፤ ዕድሜ በገፋ ቍጥርም ይህ ወሰን ዝቅ ይላል። ከወሰኑ በላይ ያለው ቍጥር ውሸት ነው ለማለት አይደለም። ነገር ግን ገዢው ሊሰማው ለማይችለው ነገር ገንዘቡን እንዲያወጣ የሚያደርግ ከሆነ፣ እውነት ሆኖ ሳለ ያሳስታል።

ነገሩ በምሳሌ እንዲታይ፣ ከአንድ ቤት የወጡ ሁለት ሥራዎችን ማነጻጸር ይበቃል። በ1945 ዓ.ም. የተመሠረተው የጀርመኑ ዜንሃይዘር በ2003 ዓ.ም. ኤች ዲ 650 የተባለውን፣ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ኤች ዲ 800 የተባለውን ማዳመጫ አወጣ። ሁለቱም ጀርባቸው ክፍት ነው፤ ሁለቱም ረዥም ጊዜ የተመሰገኑ ናቸው፤ ጠባያቸው ግን ፈጽሞ ይለያያል።

ኤች ዲ 800 የብልሃት ወገን ኩራት ነው። ድምፅ የሚፈጥረው ክፍል 56 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ የቀለበት ቅርጽ የተሰጠው ነው። አቀማመጡም ከጆሮ ራቅና ዘንበል ያለ ስለ ሆነ፣ ድምፁ ከራስ ውስጥ ሳይሆን ከፊት ለፊትና ከዳር የሚመጣ ይመስላል። የብዙ መሣሪያ ጓድ ሲሰማበት፣ እያንዳንዱ ተጫዋች በየወንበሩ ተቀምጦ የሚታይ ያህል ይለያል። ይሁን እንጂ በስድስት ሺህ አካባቢ ባለው ቀጭን ድምፅ ላይ ከልክ ያለፈ ጉላት አለበት። የ«ስ» እና የ«ሽ» ፊደል ያለበት ቃል ሲዘመርበት እንደ መርፌ ይወጋል። ሠሪውም ይህን ያላስተዋለ አይመስልም፤ ጠርሙስ አፉ ላይ ሲነፋ በሚጮኽበት ሥርዓት የሚሠራ፣ ያንን ጉላት የሚውጥ ክፍል ጨምሮ በ2016 ዓ.ም. ኤች ዲ 800 ኤስ ብሎ አሻሽሎ አውጥቶታል።

ኤች ዲ 650 በዋጋው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። ነቃፊዎቹ በድምፁ ፊት መጋረጃ ተጋርዷል ይሉታል። በእውነትም ስፍራው ጠባብ ነው፤ ዘማሪዎቹ ሁሉ ወደ መሐል የተጠጉ ይመስላሉ። ከሁሉ የወፈረው ድምፅም ወደ ታች ሲወርድ ይደክማል። ነገር ግን የሰው ድምፅ የሚኖርበት መካከለኛው ክፍል በእጅጉ የተስተካከለ ነው። ወንድ ሲዘምር ደረቱ አለ፤ ሴት ስትዘምር ጉሮሮዋ አይጨልልም። ሰሚው ከሦስት ሰዓት በኋላ ማዳመጫውን የሚያወልቀው ጆሮው ስለ ደከመ አይደለም፤ መሽቶ ነው።

እንግዲህ ከሁለቱ ማን ይበልጣል? በብልሃት መዝገብ ኤች ዲ 800 ይበልጣል፤ የሚያዛባው ያንሳል፣ የሚለየው ይበዛል። ነገር ግን ዝርዝር ተብሎ ከሚመሰገነው አንዳንዱ፣ ቀጭኑ ድምፅ ከልኩ በላይ ስለ ጎላ ብቻ የተሰማ ነው። በጨለማ ክፍል ውስጥ በአንድ ማዕዘን ብቻ ብርቱ መብራት ቢያበሩ፣ በዚያ ማዕዘን ያለው ትቢያ ሁሉ ይታያል፤ ክፍሉ ግን በሙሉ ታየ አይባልም። ስለዚህ የብልሃት ወገን እውነትን እሰማለሁ ሲል፣ የሚሰማው እውነት ነው ወይስ የተጋነነ? ብሎ ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል።

ይህ ነገር የኢትዮጵያን ሰሚ የሚነካበት ልዩ ምክንያት አለው። እርሱ የሚወዳቸው ብዙዎቹ ቅጂዎች በሸክላና በካሴት ዘመን የተቀረጹ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲገለበጡ የቆዩ ናቸው። የሞተ መምህሩን ድምፅ በአሮጌ ካሴት የያዘ ተማሪ፣ ያንን ድምፅ ዝርዝር በሚያጋንን ማዳመጫ ቢሰማው፣ በመጀመሪያ የሚያገኘው የካሴቱን ሹክሹክታ ነው፤ መምህሩ ከሹክሹክታው በስተኋላ ቆመው ይጠብቃሉ። መካከለኛውን ድምፅ በሚያከብር መሣሪያ ቢሰማው ግን ሹክሹክታው ባይጠፋም ወደ ኋላ ይላል፤ መምህሩ ወደ ፊት ይመጣሉ። ለዚህ ሰሚ ምርጫው የምቾት ነገር ብቻ አይደለም።

የበገና ነገርም እንደዚሁ ነው። በአውታሩና በአውታሩ መቀመጫ መካከል በሚገባው ቁራጭ ቆዳ ምክንያት የበገና ድምፅ ይነዝራል። ይህን ነዝር የማያውቅ የባዕድ ጆሮ መዛባት ነው ሊለው ይችላል፤ የበገና ነፍስ ግን እርሱ ነው። መልካም ማዳመጫ ነዝሩን ሳይውጥ፣ ነዝሩም የደርዳሪውን ቃል እንዳይሸፍን አድርጎ ሊያሰማ ይገባዋል። ከበሮና ጸናጽል አብረው የሚሰሙበት ማኅሌትም ለመፈተኛ ይጠቅማል። ከበሮው የወፍራሙን፣ ጸናጽሉ የቀጭኑን ድምፅ ነገር ይመሰክራሉ፤ በመካከል ያለው ቃል ሳይጠፋ ከተሰማ መሣሪያው ሚዛን አለው ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል የደስታ ወገን ያለ ነቀፌታ ይለፍ ማለት አይደለም። ደስ ካሰኘ ይበቃል የሚለው ቃል የብዙ ክፉ ሥራ መጠጊያ ሆኗል። በገበያ የሚበዛው ማዳመጫ ወፍራሙን ድምፅ እንደ ማር አብዝቶ ያስገባል፤ ማርም ሲበዛ ያቅራል። ደረትን የሚያስደነግጠው ምት ግጥሙን ይሸፍነዋል፤ ሰሚው ዘፈኑን መቶ ጊዜ ሰምቶ ቃሉን አያውቀውም። ጆሮ ደግሞ የለመደውን መውደድ ጠባዩ ስለ ሆነ፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ጠማማውን ቀጥ ያለ አድርጎ ይቀበላል። ስለዚህ ደስታ ምስክር ሊሆን ይችላል፤ ብቻውን ዳኛ ሊሆን ግን አይችልም።

በቅኔ ቤት ያለው ፍርድ ለዚህ ነገር መልካም ምሳሌ ነው። ልኩ ያልጎደለ፣ ቤቱ የመታ ቅኔ ሁሉ ይበል አይባልም፤ ምሥጢር ከሌለው ጉባኤው ዝም ይላል። ልኩን የሳተ ቅኔም ምሥጢሩ ቢያምር ከመምህሩ ነቀፌታ አያመልጥም። ልኩ የሚፈለገው ምሥጢሩን እንዲሸከም ነው። የማዳመጫም ብልሃት እንዲሁ ነው፤ ዜማውን ለመሸከም ካልሆነ ለምን ይፈለጋል?

ከዚህ በኋላ ፍርዱ እንደየሰሚው ጉዳይ ይከፈላል። ድምፅ የሚቀርጽና ቅጂ የሚያርም ሰው፣ ጉድለትን አግኝቶ ማረም ሥራው ነውና፣ ኤች ዲ 800ን የመሰለውን ጥብቅ መሣሪያ ቢይዝ የተገባ ነው፤ ጉላቱን ግን ሊያውቅበት ያስፈልጋል። ሥራውን ፈጽሞ በማታ ዜማ ለሚሰማ ሰው ግን፣ በተለይም አሮጌ ቅጂ ለሚወድ፣ የኤች ዲ 650 ዓይነት ይበልጥበታል። ይህን ሲመርጥም ከብልሃት የሸሸ አይደለም፤ ለሰው ድምፅ የሚያስፈልገውን ብልሃት የመረጠ ነው።

የሚመርጥ ሰው ሦስት ነገር ቢጠብቅ ይጠቀማል። አንደኛ፣ ሱቅ ያለው ሰው ባቀረበለት ቅጂ ሳይሆን እርሱ ለብዙ ዓመት በሚያውቀው ድምፅ ይፈትን። ሁለተኛ፣ ሁለት መሣሪያ ሲያነጻጽር የድምፃቸውን ኃይል እኩል ያድርግ፤ ጥቂት የጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላልና። ሦስተኛ፣ በአምስት ደቂቃ አይፍረድ፤ በመጀመሪያው ደቂቃ የሚያስደንቀው ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ሰዓት የሚያደክመው ነው። ከዚህም በላይ የዓለም ጤና ድርጅት፣ 80 ዴሲቤል የሚደርሰው ድምፅ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ እንዳይሰማ መክሯል። የተሰበረ ማዳመጫ በገንዘብ ይተካል፤ የጠፋ የመስማት ኃይል ግን አይመለስም።

መልካም ማዳመጫ ሰሚው በራሱ ላይ መኖሩን የሚረሳው ነው። ዜማው ሲያልቅ ሰሚው የሚያነሣው የመሣሪያውን ስም ከሆነ፣ ወይ መሣሪያው አላግባብ ጮኾአል፣ ወይ ሰሚው ዜማውን አልሰማም። የዘማሪውን ስም ካነሣ ግን ገንዘቡ በከንቱ አልወጣም።