አንገቷን የደፋች ልጅ

አንዲት እናት ልጇን ይዛ ወደ ሜዳ ስትመጣ መጀመሪያ የምትነግረኝ ነገር ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «አንገቷን የደፋች ናት፤ ድምፅዋ እንኳ አይሰማም።» ይህን የምትለኝ አደራ ስትሰጠኝ ነው፤ ጨዋ አድርጌ አሳድጌ አስረከብኩሽ ማለቷ ነው። እኔም በምስጋና እቀበላለሁ። በማግስቱ ጠዋት ግን ሥራዬ የሚጀምረው ከዚያው ላይ ነው፤ ልጅቷ አንገቷን ቀና እንድታደርግና እንድትጮህ ማስተማር።

ኳስ አንገት ደፍቶ አይሆንም። ኳሱ እግሯ ሥር ከደረሰ በኋላ የምታይ ተጫዋች ዘግይታለች። ማየት ያለባት ከዚያ በፊት፣ ኳሱ መንገድ ላይ ሳለ ነው፤ አንዴ በግራ ትከሻዋ፣ አንዴ በቀኝ። ኖርዌጃዊው ተመራማሪ ጌየር ዮርዴት የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ አማካዮችን ቪዲዮ እያየ ይህንኑ ቆጥሯል። ኳስ ከመቀበላቸው በፊት ደጋግመው ዞር ዞር የሚሉት፣ የሚያቀብሉት ኳስ ከሌሎቹ ይልቅ ለጓደኛ ይደርሳል።

እኔ የማሠራው ልምምድ ቀላል ነው። አንዷ ከፊት ለፊት ኳስ ትሰዳለች፣ እኔ ከተቀባይዋ ጀርባ አሥር እርምጃ ያህል ርቄ ጣቶቼን አነሳለሁ። ኳሱ ሳይደርስ ዞር ብላ ስንት ጣት እንዳነሳሁ ጮክ ብላ መናገር አለባት። በመጀመሪያው ሳምንት ኳሱ ያመልጠኛል ብላ ስለምትፈራ ዓይኗን አታነሳም፤ ቁጥሩን በግምት ትጠራለች። በሁለተኛው ሳምንት ታያለች፣ ኳሱ ግን በእግሯ ሥር ይሾልካል። አልቆጣም፤ ያ የሾለከ ኳስ ከመጀመሪያው ሳምንት ኳስ ይሻላል። ወር ሲሞላ «ሦስት!» ትልና ኳሱን በአንድ ንክኪ አስቀድማ ወዳየችው ክፍት ቦታ ይዛው ትዞራለች። ይህን ባየሁ ቁጥር ደስታዬ ጎል ከገባበት ቀን አያንስም።

ድምፁ ከዓይኑ ይከብዳል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እኔን ያሠለጠኑኝ ሁሉ ወንዶች ነበሩ፤ መስመር ላይ ቆመው ዘጠና ደቂቃ ይጮኹ ነበር። እኔም አሰልጣኝ ማለት እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። «ግቢ! ውጪ! ምን ቆመሽ ታያለሽ?» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪዘጋ እጮሃለሁ። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት፣ «ለምንድነው እርስ በርስ የማትነጋገሩት?» ብዬ ተቆጣሁ። ሁሉም ዝም አሉ። የመሀል ተከላካይዋ ታኬታዋን እያሰረች፣ ሳታየኝ፣ «ኮች፣ እርስዎ ሲናገሩ እኮ እኛ ዝም እንላለን» አለችኝ። ከትልቅ ሰው ፊት ዝም እንዲሉ ተደርገው ያደጉ ልጆች ናቸው። እኔ ድምፄን ከፍ ባደረግሁ መጠን ይበልጥ ዝም የሚሉበት ምክንያት እየሰጠኋቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ በልምምድ ላይ ሃያ ደቂቃ አልናገርም። ፊሽካ እንኳ አልነፋም። ጨዋታው ሲበላሽ እያየሁ አፌን መያዝ ከማንኛውም የሥልጠና ኮርስ የከበደኝ ነገር ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ዘግይቶ ነው የገባኝ። ሐዋሳ ላይ ወደ እኔ የሚመጡት ልጆች ከሲዳማ ገጠር፣ ከወላይታ፣ ከከምባታ ናቸው። አንዷ በረኛ ስድስት ወር ሙሉ ድምፅ አላሰማችም። ዓይን አፋር ናት ብዬ ደምድሜ ነበር። ለካ ልጅቷ ቤቷ የምታወራው ወላይትኛ ነው፤ አማርኛዬ ይሳሳታል፣ ይስቁብኛል ብላ ነው ዝም የምትለው። ቁጭ ብለን አምስት ቃል ብቻ መረጥን። «ሰው!»፣ «ብቻሽን!»፣ «ዙሪ!»፣ «መልሺ!»፣ «ውጡ!»። የቡድኑ ቋንቋ እነዚህ አምስቱ ይሆናሉ፣ ሌላ አያስፈልግም አልኩ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሁሉም በላይ የምትሰማው እሷ ሆነች። ለስድስት ወር ያለ ስሟ ስም ሰጥቼአት እንደነበር ሳስብ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ስለ ጉልበት ሳልናገር ማለፍ አልችልም። እኔ መጫወት ያቆምኩት በ23 ዓመቴ ነው። ማንም አልነካኝም። የማዕዘን ምት በግንባሬ ልገጭ ዘልዬ ስወርድ ጉልበቴ ወደ ውስጥ ታጠፈ፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ወጌሻው በበረዶ አሸኝ፣ በሁለተኛው ሳምንት ሩጪ ተባልኩ፣ ሮጥኩ፣ ወደቅሁ። ኮንትራቴ ሲያልቅ ከክለቡ የደወለልኝ ሰው አልነበረም። ጉልበትን ከውስጥ አጥብቆ የሚይዘው ጅማት በሴት ተጫዋቾች ላይ ከወንዶች ቢያንስ በእጥፍ እንደሚበጠስ፣ ብዙውን ጊዜም ያለ ንክኪ፣ በአወራረድና በድንገተኛ መዞር እንደሚበጠስ የሰማሁት አሰልጣኝ ከሆንኩ በኋላ ነው።

ልብ የሚያቃጥለው መከላከያው ገንዘብ የማይጠይቅ መሆኑ ነው። ፊፋ «11 ፕላስ» ብሎ ያሰራጨው ማሟሟቂያ አሥራ አምስት እንቅስቃሴዎች አሉት፤ ሃያ ደቂቃ ይወስዳል፤ ከሜዳና ከኳስ በቀር ዕቃ አይፈልግም። ኖርዌይ ውስጥ ከ13 እስከ 17 ዓመት ባሉ 1,892 ልጃገረዶች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. 2008 ውጤቱ ሲታተም ከባድ ጉዳት ወደ ግማሽ ገደማ ቀንሷል። እኔ ከልጆቹ ፊት እንበረከካለሁ፤ ሲዘሉ ሳይሆን ሲወርዱ ነው የማያቸው። ጉልበቷ ከእግር ጣቶቿ አቅጣጫ ወጥቶ ወደ ውስጥ ከገባ አስቆማትና እንደገና አዘልላታለሁ። ይሰለቻቸዋል። «ኮች፣ ኳስ መቼ ነው?» ይሉኛል። ጉልበቴን አሳያቸዋለሁ፤ ዝም ብለው ይዘላሉ።

ሜዳ የማግኘት ነገር ሁልጊዜ ያው ነው። ጠዋቱ የወንዶቹ ነው፣ ማታው የወንዶቹ ነው፣ ለእኛ የሚተርፈው ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነው። በቦርሳዬ ከፊሽካና ከኮን ጋር የንጽሕና መጠበቂያ ይዤ እዞራለሁ፤ ልጆቹ ሳይጠይቁኝ የት እንዳለ ያውቃሉ። ወንድ የሙያ ጓደኞቼ ይህን እንደ አሰልጣኝ ሥራ አይቆጥሩትም። በወር ሦስት ቀን ከልምምድ የምትቀር ልጅ በዓመት ከአንድ ወር በላይ እንደምታጣ ሒሳቡን ሠርቼ ካሳየኋቸው በኋላ ግን አንዱ ለራሱ ቡድን ገዛ።

አባቶች የሚጠይቁኝ ሌላ ነው፤ «ኳስ ምን ያበላል?» ይላሉ። ድሮ መልስ አልነበረኝም። የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን ሉሲዎቹ እ.ኤ.አ. 2004 ደቡብ አፍሪካ ላይ በአፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮና አራተኛ ሲወጡ ልጅ ነበርኩ፤ ለሰፈሩ ሰው ግን ያ ወሬ እንጀራ አልነበረም። ዛሬ ሎዛ አበራን እጠራላቸዋለሁ። ከዱራሜ ተነስታ ስዊድንና ማልታ ድረስ ሄዳ ተጫውታለች፤ ዱራሜ ደግሞ የት እንዳለች ያውቃሉ፣ ሩቅ አይደለችም። የንግድ ባንክ የሴቶች ቡድን እ.ኤ.አ. 2024 የሴካፋን ማጣሪያ አሸንፎ ወደ አፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ መሄዱንም እጨምራለሁ። ለእኔ ለራሴ ግን ትልቁ መልስ መሠረት ማኒ ነበረች። ሴት ሆና የድሬዳዋን የወንዶች ቡድን ወደ ፕሪሚየር ሊግ ስታሳድግ፣ ጉልበቴ ቢያልቅም ሜዳው እንዳላለቀብኝ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ያቺ በረኛ ባለፈው ዓመት ስንጫወት እናቷ ከሶዶ በሚኒባስ መጡ፤ ታናሽ ወንድሟ አብሮ ነበር። ነጠላቸውን አጣፍተው ከተቀያሪ ወንበራችን ጀርባ ቆሙ። ከእረፍት በኋላ አንድ ለባዶ እየመራን ተጋጣሚያችን ደጋግሞ ይመጣብን ነበር። የማዕዘን ምት ተሻምቶ በተከላካዮቻችን ሲመለስ ልጅቷ ከመስመሯ ሁለት እርምጃ ወጥታ «ውጡ! ውጡ!» ስትል ጩኸቷ አጥሩ ድረስ ተሰማ፤ አራቱም ተከላካዮች እንደ አንድ ሰው ወጡ፤ የተጋጣሚያችን አጥቂ ብቻዋን ከኋላ ቀረች፣ ዳኛዋ ከጨዋታ ውጪ ብላ ነፋች።

እናትየው በወላይትኛ አንድ ነገር ተናገሩ። ዞር ብዬ ልጁን አየሁት።

«ቤትም እንዲህ ሆናለች ነው የምትልዎት» አለኝ።

ፊታቸውን አየሁ። ዓይናቸው ልጃቸው ላይ ነበር። ወቀሳ ይሁን ምስጋና አልጠየቅኋቸውም፤ ጨዋታው አሥር ደቂቃ ይቀረው ነበር፣ ልጅቷም ኳሱን ቅጣት ምቱ ቦታ ላይ አስቀምጣ በግራ ትከሻዋ፣ ከዚያም በቀኝ ዞር ዞር ብላ እያየች ነበር።