ስለትና ፍቅር በ«ፍቅር እስከ መቃብር»

የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ሁለት ዓይነት አንባቢ አላጣም። አንደኛው በበዛብህና በሰብለ ወንጌል ዕጣ የሚያለቅስ ነው። ሁለተኛው መጽሐፉን የባላባቱ ሥርዓት መክሰሻ አድርጎ የሚያነብ፣ ከጉዱ ካሣ ንግግር ሌላ ብዙም የማይታየው ነው። ሁለቱም መነሻቸው መጽሐፉ ነውና ተሳስተዋል አይባልም። ነገር ግን ሁለቱም አንድ ጥያቄ ዘለው ያልፋሉ። በዚህ ልብ ወለድ ውስጥ እምነት የፍቅር ጠላት ነውን?

ላይ ላዩን ሲያዩት ይመስላል። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ ያገኙት ልጅ እንዳይሞትባቸው፣ ሚስት ሳያገባ እግዚአብሔርን እንዲያገለግል ይሳላሉ። ልጁ አድጎ፣ ቅኔ ተምሮ፣ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሊያስተምር ገብቶ ሲወዳት የሚያስጨንቀው የፊታውራሪው ቁጣ ብቻ አይደለም። እሱ ሳይጠየቅ በስሙ የተገባው ቃልም ነው።

ይሁን እንጂ ስለቱን ጠጋ ብለን እንመርምረው። የወለደው ፍርሃት ነው። ወላጆቹ ክፉዎች አይደሉም፤ ከልጃቸው ሞት የልጃቸውን ብቸኝነት መረጡ እንጂ። መጽሐፍ ቅዱስም ስለትን ሁሉ በአንድ ዓይን አያይም። ሐና ሳሙኤልን ለቤተ መቅደስ ሰጥታ ደስ አላት፤ ዮፍታሔ ግን ለጦርነት ድል በተሳለው ስለት አንዲት ልጁን አጣ። በጎጃም የቤተ ክህነት ትምህርት የቀሰሙት ደራሲ ይህን ልዩነት ይስቱታል ማለት ያስቸግራል።

የመጽሐፉ መልስ ያለው ሰብለ ወንጌል ዘንድ ነው። ከአባቷ ቤት ስትወጣ የለበሰችው የመነኩሴ ልብስ መሸሸጊያ ነበር። በዛብህን ሊሞት ሲቃረብ አግኝታ ከቀበረችው በኋላ ግን ምንኩስናው የእውነት ሆነ። ወላጆች በፍርሃት በልጃቸው ላይ የጫኑትን ብቸኝነት እሷ ማንም ሳያስገድዳት ተቀበለችው። እንግዲህ በዚህ ልብ ወለድ ፍቅርን የሚገድለው እምነት ሳይሆን የእምነትን ካባ የደረበ ፍርሃት ነው። ፍርሃት ሲወጣ ፍቅርና እምነት በአንዲት ሴት ልብ ውስጥ ሳይጣሉ ያድራሉ።

ቅር የሚያሰኝ ነገር ግን አለ። የሁለቱ ፍቅር የሚፈተነው በመለያየትና በሞት ብቻ ነው። አብረው አንዲት ክረምት እንኳ አልከረሙም። በቁርባን የተጋቡ ክርስቲያኖች የሚገቡት ቃል ግን በየዕለቱ የሚፈተን ነው፤ በበሽታ፣ በማጣት፣ በእርጅና፣ ነጋ ጠባ በሚመጣ መሰላቸት። ለፍቅር መሞትን ያደነቀ ትውልድ ለፍቅር መኖርን እንዳይንቅ ያሰጋል።

ለዚህ ማካካሻው በመጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ተቀምጧል። አንባቢ ወደ ሰብለ ወንጌል ለመድረስ ሲቸኩል የሚያልፋቸው ቦጋለና ውድነሽ አንድ ጎጆ ያቆሙ፣ አንድ ልጅ ያሳደጉ፣ አብረው ያረጁ ናቸው። ያን የመሰለ ፍቅር የነበራቸው ሰዎች ፍርሃትን ማሸነፍ ሲያቅታቸው የልጃቸውን ዕድሜ አሰሩ። መጽሐፉን ዳግመኛ የሚያነሣ ሰው እነዚያን የመጀመሪያ ምዕራፎች ቀስ ብሎ ያንብባቸው። ልጆቻችንን ስንወድ በስማቸው የምንገባው ቃል ስንት እንደሆነ ያኔ ይታየዋል።